በስኮትላንድ በረዷማ ተራራ ላይ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ሥልጠና፦ የቀኑ ብርሃን ምን ላይ ዋለ?

ባለፈው ጥር አጋማሽ፣ በሰሜን ስኮትላንድ በኬርንጎርም ተራሮች ላይ አንድ አነስተኛ ድርጅት የሚሰጠውን የአንድ ቀን የበረዶ ላይ የእግር ጉዞ ሥልጠና ወስጃለሁ። ዋጋው 95 ፓውንድ ሲሆን በዚህ ገንዘብ መሪ፣ የራስ ቁር፣ የበረዶ ዶማና ክራምፖን (ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት) ይቀርባል፤ ጫማ፣ ልብስና ስንቅ የተሳታፊው ነው። ለአንድ መሪ ከስድስት ሰው በላይ አይመደብም፤ በዕለቱ እኛም ልክ ስድስት ነበርን። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሳው አንድ ከባድ ቅሬታ ስላለኝና እነርሱም ጥፋቱን ሳይከራከሩ ስለተቀበሉኝ ነው።

እንዲህ ያለ ቀን የሚመዘነው ተራራው አናት ላይ በመድረስ ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የምመዝነው በብርሃን ሆኗል። በዚያ ወቅት በአካባቢው ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2፡30 ገደማ፣ የምትጠልቀው ደግሞ ከቀኑ 10፡20 አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ ለመኪና መንገድ፣ ለመልበስ፣ ዕቃ ለመረካከብና ለመመለስ የሚያስፈልገው ጊዜ ሲቀነስ ለትምህርት የሚተርፈው አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ስለዚህ ድርጅቱ እነዚያን አምስት ሰዓታት ምን ላይ አዋላቸው የሚለው ጥያቄ የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ተራራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሄድንበት ኬርን ጎርም የተባለው ተራራ 1245 ሜትር ከፍታ አለው። ይህን ቁጥር ያየ አማርኛ አንባቢ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም፤ በእኛ አነጋገር ቆላ የሚባል ከፍታ ነው፣ አዲስ አበባም እጥፉን ልትሞላ የሚቀራት ጥቂት ነው። ይሁንና ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 57ኛው ዲግሪ ላይ የሚገኝ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ለሚነሳው ነፋስ የተጋለጠ ሰፊ አምባ ነው። በዚሁ ተራራ አናት ላይ ባለው የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1986 በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ተለክቷል። እኛ በወጣንበት ዕለት የነበረው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ የአየሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ቢሆንም በዚያ ነፋስ ውስጥ ፊት ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ያህል ነው። ሰው የሚያስቸግረው ከፍታው ሳይሆን ይህ ነው።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት የደረሰኝ የዝግጅት መልእክት ጥሩ ነበር። ስለ ጫማ የተጻፈው በተለይ ጠቅሞኛል። በእንግሊዝና በስኮትላንድ የተራራ ጫማ በሶሉ ግትርነት ከቢ0 እስከ ቢ3 ይመደባል፣ ክራምፖንም በዚያው ልክ ከሲ1 እስከ ሲ3 ይመደባል፤ በእጅ ሲያጥፉት የሚታጠፍ ቢ0 ጫማ ክራምፖን ስለማይሸከም ለበረዶ ተራራ አይሆንም። መልእክቱ ይህን በግልጽ ቋንቋ በማስረዳቱ ከጉዞው በፊት ቢ1 ጫማ ገዝቼ ለመለማመድ ጊዜ አግኝቻለሁ። ጎድሎ ያገኘሁት የዐይን መከላከያው ጉዳይ ነው፤ ዝርዝሩ የፀሐይ መነጽር ይላል እንጂ ፊት ላይ ግጥም ብሎ የሚቀመጠውን የበረዶ መነጽር አያነሳም። እርሱን ያልያዝን ሦስት ሰዎች በነፋስ የሚወረወረው የበረዶ ቅንጣት ዐይናችንን እንደ አሸዋ ሲገርፈን ውሏል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት በድርጅቱ መጋዘን ተገናኘን። መሪያችን በብርድ ወራት ተራራ ላይ ሰው ለመምራት የሚያበቃውን የሙያ ማረጋገጫ የያዙ ሴት ሲሆኑ፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ጥያቄያቸው ግን ብዙ ነበር። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የስኮትላንድ የበረዶ ናዳ መረጃ አገልግሎት በዋዜማው ማምሻ ያወጣውን ትንበያ እኛው እንድናነብ ሰጡን። ይህ አገልግሎት በስድስት የተራራ አካባቢዎች በብርድ ወራት በየቀኑ ትንበያ የሚያወጣ ሲሆን፣ አደጋውን ከ1 እስከ 5 ባለው የአውሮፓ መለኪያ ይገልጻል፤ የትኛው ከፍታና ወደ የት አቅጣጫ የዞረ ተዳፋት እንደሚያሰጋም በክብ ሥዕል ያሳያል። ያን ቀን ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ የዞሩት ከፍተኛ ተዳፋቶች ደረጃ 3 ነበሩ። ምክንያቱን እንድንገምት ጠየቁን፤ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በረዶውን ከአምባው ላይ ጠርጎ በተቃራኒው ጥላ ወገን ስለሚከምረው ነው። በዕቅዱ ልንገባበት የነበረው ኮሪ አን ትሬህካ፣ ትርጉሙ የበረዶ ገንዳ የሆነው ገደላማ ሸለቆ፣ ወደ ሰሜን የዞረ ስለሆነ ከዕቅዱ ወጣ፤ በምትኩ ነፋስ የሚጠርገውን ፊያካል አ ኮሪ ካስ የተባለ ሸንተረር መረጥን። ውሳኔው ሃያ ደቂቃ ፈጅቷል፤ ከቀኑ ሁሉ በተሻለ ሁኔታ የዋለ ሃያ ደቂቃ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በማግስቱ ያለ መሪ ብወጣ መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው።

መኪና ማቆሚያው ላይ የአገሩ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ቁጥር ከሆነው ከ999 ጋር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለመገናኘት ስልካችንን አስመዘገብን፤ ድምፅ በማይደርስበት ቦታ መልእክት ሊያልፍ ስለሚችል ነው፣ ለዚህ ግን አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ይላል። አደጋ ሲደርስ ፖሊስ ተጠርቶ የተራራ ነፍስ አድን ቡድን እንዲላክ ይጠየቃል፤ የቡድኖቹ አባላት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ተጎጂውንም ገንዘብ አይጠይቁም።

ትምህርቱ የተጀመረው በ850 ሜትር ከፍታ ገደማ በአንዲት ትንሽ ተዳፋት ላይ ነው። ከታቿ ድንጋይም ገደልም የሌለባት፣ የሚንሸራተት ሰው በራሱ የሚቆምባት ሜዳ ነበረች፤ አንድ ሰዓት ተኩል ከእርሷ አልተንቀሳቀስንም። መጀመሪያ የተማርነው መራመድ ነው። ክራምፖን ሳይታሰር፣ የጫማን ጫፍ ወደ በረዶው በመምታት ደረጃ መሥራት፣ ወደ ጎን ሲሄዱ በሶሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ መቁረጥ፣ ሲወርዱ ተረከዝን በልበ ሙሉነት መትከል። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም በረዶ እያልን ስለምንጠራው፣ ጫማዬ የሚነግረኝን ልዩነት የምገልጽበት ቃል አጥሮኝ ነበር። በሃምሳ እርምጃ ውስጥ እንደ ዱቄት የሚበተን፣ ላዩ እንደ ጋገረ ገንፎ ጠንክሮ ሥሩ የሚሰምጥ፣ ቀጥሎም ተረከዝ የማያስገባ ጠጣር በረዶ እየተፈራረቀ ያጋጥማል። መሪያችን በየጊዜው አስቁመውን አሁን የረገጥነው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁን ነበር።

ከዚያ ወደ በረዶ ዶማው ተሸጋገርን። አይስ አክስ የሚባለው ይህ መሣሪያ በአንድ ወገን ሹል፣ በሌላው ወገን ጠፍጣፋ አፍ፣ ከእጀታው ሥር ደግሞ የሚወጋ ጫፍ አለው። ሲራመዱ ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል ባለው እጅ ይያዛል፣ ሹሉ አፍ ወደ ኋላ ይዞራል፤ አቅጣጫ ሲለወጥ እጅም ይለወጣል። ሲወድቁ ራስን መግታት የሚባለው ልምምድ የብዙዎቻችን ጉጉት ነበር፤ ጠፍጣፋው አፍ ከትከሻ ሥር ይገባል፣ እጀታው ደረትን በሰያፍ አቋርጦ ያልፋል፣ ሌላው እጅ የታችኛውን ጫፍ ከዳሌ አጠገብ ይሸፍናል፣ ፊት ከብረቱ ይዞራል፤ ከዚያ የሰውነት ክብደት ሁሉ በሹሉ ላይ ይጫናል። በሆድ፣ በጀርባ፣ በመጨረሻም በጀርባ ተኝቶ ራስን ቁልቁል አድርጎ ተንሸራተትን። የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ሞክሬ በሦስተኛው ብቻ ነው የተሳካልኝ፤ በሁለተኛው ዶማው ከእጄ አምልጦ እኔ ሜዳው ላይ ስቆም እርሱ ከላይ ተተክሎ ቀርቷል። ክራምፖን ታስሮ ይህ አይሞከርም፤ ጥርሱ በረዶ ሲይዝ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል፣ ወይም ሰውን ገልብጦ ይወረውራል። ለሥልጠናው ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለው መሪያችን ይህን ልምምድ እንደ ዋና ነገር ስላላዩት ነው። የተንሸራተተ ሰው ፍጥነት በጠጣር በረዶ ላይ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ከቁጥጥር ስለሚወጣ፣ ቀሪውን ጊዜ ያዋሉት እግራችን መጀመሪያውኑ እንዳይስት በማድረግ ላይ ነበር።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ጠዋት መጋዘን ውስጥ ዕቃ አዳዩ የጫማዬን ቁጥር ጠይቆ አንድ ጥንድ ክራምፖን በከረጢት አቀበለኝ፤ ጫማዬ ላይ ግን አልለካውም፣ እኔም እንዲለካ መጠየቅ አላወቅሁም። ሸንተረሩ ሥር ተቀምጠን ስናስር የግራው ልክ ሆነ፣ የቀኙ ግን ከእኔ በፊት ለተከራየ፣ እግሩ በጣም ትልቅ ለሆነ ሰው ተስተካክሎ የቀረ ነበር፤ ከተረከዜ ኋላ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። የክራምፖን የፊትና የኋላ ክፍል የሚያያዘው በመሃል ባለ ቀጭን ብረት ሲሆን፣ በብረቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች እየተንሸራተተ ይረዝማል፣ ያጥራል። ቤት ውስጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እዚያ ግን መቆለፊያዋ በረዶ ጠጥታ ደርቃለች፣ በወፍራም ጓንት ደግሞ አትያዝም። ጓንቴን አወለቅሁ። መሪያችን ከነፋሱ በጀርባቸው ከልለውኝ ቁልፏን በትንፋሽና በመዳፍ እያሞቅን ስንታገል፣ የቀሩት አምስት ሰዎች ቆመው እየበረዱ ነበር። ብረቱ ሲስተካከል 35 ደቂቃ አልፏል። ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ደሙ ሲመለስ ያለው ሕመም ዐይኔን በእንባ ሞልቶታል።

አንድ ክራምፖን ልክ መሆኑን የሚያውቁበት ቀላል መንገድ እንዳለ የተማርሁት እዚያው ነው፤ ማሰሪያው ሳይጠብቅ ጫማውን አንስተው ሲያራግፉት ክራምፖኑ ሳይወድቅ ተጣብቆ መቅረት አለበት። ይህን ሃያ ሴኮንድ የሚፈጅ ፍተሻ መጋዘኑ በር ላይ ማድረግ የድርጅቱ ግዴታ ነው፤ ለጀማሪ የሚያከራይ ሰው ጀማሪው ራሱ ያውቃል ብሎ ሊያስብ አይገባውም። ዕቃው ራሱ አይታማም። ባለ አሥር ጥርስ፣ የተሳለ፣ ከሥሩም በረዶ እየተጋገረ እንደ ኳስ እንዳይጣበቅ የሚከለክል የጎማ ልባስ ያለው ነበር።

በክራምፖን መራመድ ከጠበቅሁት ቀላል ነው፤ ሁለቱን እግር ራቅ ራቅ አድርጎ፣ ሁሉም ጥርስ በአንድ ጊዜ እንዲነክስ ሙሉ ሶልን ማሳረፍ ነው። ሱሪን በራስ ጥርስ መቅደድ ግን የማይቀር ይመስላል፤ ከስድስታችን ሁለታችን ቀደናል። በመንገድ ላይ ታርሚጋን የምትባለው ቆቅ መሰል ወፍ፣ በብርድ ወራት ነጭ ላባ ለብሳ፣ ካልተንቀሳቀሰች ከበረዶው ሳትለይ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ አይተናል።

ከ1050 ሜትር በላይ ደመናው ገባ። መሬቱና ሰማዩ አንድ ሆኑ፤ ድቅድቅ ጨለማ እንደምንለው ድቅድቅ ንጣት ቢባል ያስኬዳል። የምረግጠው ዳገት ይሁን ቁልቁለት የሚነግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነበር። መሪያችን ሩዝ የሚያህል ነገር እንኳ በማይታይበት በዚያ ንጣት ውስጥ የበረዶ ኳስ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ይወረውሩ ነበር፤ ኳሱ አርፎ ከታየ መሬት አለ፣ ከዐይን ከጠፋ ቁልቁለት ወይም ገደል ነው። በሸንተረሩ በስተምዕራብ ያለው የኮሪ አን ትሬህካ ገደል ጠርዝ ላይ፣ እንግሊዝኛው ኮርኒስ የሚለው አየር ላይ የተንጠለጠለ የበረዶ ክምር ይኖራል። እኛ ኮርኒስ የምንለው ከራሳችን በላይ ያለውን ነው፤ ይህኛው ግን ከእግር በታች መሬት መስሎ የሚጠብቅ ባዶ ነው። ከጠርዙ ብዙ ርቀን በኮምፓስ አቅጣጫ ይዘን፣ እርምጃችንን እየቆጠርን ተጓዝን። ቆጣሪ ሆነን በየተራ መሪነቱን ተቀብለናል፤ እኔ ከመቶ ሜትር ጉዞ በኋላ ወደ ግራ ዐሥር ሜትር ያህል ስቼ ተገኝቻለሁ፣ ነፋሱ ከቀኝ ስለሚገፋኝ።

በ7፡25 በካርታው ላይ 1141 ሜትር ተብሎ ከተመለከተው የድንጋይ ካብ ደረስን። የኬርን ጎርም አናት ከዚያ 104 ሜትር ወደ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። የመመለሻ ሰዓታችን ግን ጠዋት መጋዘን ውስጥ 7፡30 ተብሎ ተወስኗል፤ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነፋሱ እንደሚበረታ ትንበያው ስለሚናገር ነው። ያልሄድንበት ግማሽ ሰዓት በእኔ ቀኝ ክራምፖን ላይ የጠፋው ግማሽ ሰዓት መሆኑን ሁላችንም አውቀናል፣ ማንም ግን አልተናገረም። በቡድኑ ውስጥ የነበሩ ባልና ሚስት መንሮ የሚባሉትን፣ ከ3000 ጫማ በላይ የሆኑትን 282 የስኮትላንድ ተራሮች እየቆጠሩ የሚወጡ ናቸው፤ ይህ ተራራ በዚያ ቀን ከመዝገባቸው መቅረቱ እንዳሳዘናቸው ፊታቸው ይናገር ነበር። መሪያችን ሰዓቱን ሳያራዝሙ ማዞራቸው ትክክል ነው፤ ያ ውሳኔ እንዲህ ጠባብ እንዲሆን ያደረገው ግን መጋዘኑ ነው።

ከካቡ ጥቂት ዝቅ ብለን ቦቲ ባግ የሚሉትን ብርቱካናማ የናይሎን ከረጢት በራሳችን ላይ ገልብጠን ሰባታችንም ውስጡ ተቀመጥን። ምሰሶ የለውም፤ ጀርባችን ነው የሚወጥረው። ጨርቁ በነፋስ እንደ ከበሮ እየተመታ፣ ውስጡ በአምስት ደቂቃ ሞቆ መነጽሬ ጉም ለበሰ፤ ስንቃችንን በላን። እዚያ ሆነን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 በዚሁ አምባ ላይ በበረዶ ማዕበል ተይዘው ስለሞቱት አምስት ተማሪዎችና አንዲት ረዳት መሪ ነገሩን። ሊደርሱበት ያሰቡት መጠለያ በበረዶ ውስጥ ሊገኝ የማይችል ነበርና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሷል። ታሪኩን ያነሱት ለማስፈራራት አልነበረም፤ ጠዋት አማራጭ መንገድና የመመለሻ ሰዓት ያስመረጡን ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

ቁልቁለቱ በቀኑ የተማርነውን ሁሉ አስደገመን፤ ይህን ክፍል በአጭሩ አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። በ9፡45 መኪናው ጋ ስንደርስ የግንባር ባትሪያችንን ገና አላበራንም ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያስፈልግ ነበር።

ለማን ይሆናል ከተባለ፣ በሞቃቱ ወራት አምስትና ስድስት ሰዓት ያለ ችግር ለሚራመድና ካርታ ማንበብ መጠነኛ ልምድ ላለው ሰው ይሆናል። ናይስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይሰጣል፤ እኛ በበረዶው ላይ ከዚህ እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ወስዶብናል፣ ስለዚህ ብርታትን አሳንሶ መምጣት ሌሎችን ማስቆም ነው። 95 ፓውንድ ለመሪያችን ዕውቀት ርካሽ ነው እላለሁ፤ ለመጋዘኑ ግን ውድ ነበር።

ቅሬታዬን በማግስቱ በጽሑፍ ልኬ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ መጥቶልኛል። ስሕተቱን አምነው፣ ከእንግዲህ ክራምፖን ከመጋዘን የሚወጣው በተከራዩ ጫማ ላይ ከተለካ በኋላ እንደሚሆን ጽፈዋል፤ የክፍያውን አንድ አራተኛም መልሰውልኛል። በየካቲት ወር ለሚሰጠው ለሁለተኛው ደረጃ፣ ለበረዶ ውስጥ የአቅጣጫ ፍለጋ ሥልጠና፣ ከዚያው ድርጅትና ከዚያችው መሪ ጋር ተመዝግቤያለሁ። ክራምፖን ግን የራሴን ገዝቼ፣ ጫማዬ ላይ አስተካክዬ፣ መሃል ብረቱ በየትኛው ቀዳዳ ላይ እንደቆመ በቋሚ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ።